የጤፍ ፍሬ የምታክለው ሸረሪት

አዘጋጅ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

በዚህ በጥቅምት ወር እትማችን «ሳይንስና አካባቢያችን» በሚለው አምድ ስለ አንዲት በጣም ትንሽ ፍጥረት ጽፌላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በእንቆቅልሽ እንጀምር።

እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ!

ክንፍ የላትም፣ ግን ትበራለች። ጣሪያ ትሠራለች፣ ግን ከጣሪያው በታች ተገልብጣ ትኖራለች። ቁመቷ ሁለት የጤፍ ፍሬ ነው።

አላወቃችሁም? እንግዲያው አገር ስጡኝ! ደብረ ታቦርን ከሰጣችሁኝ እነግራችኋለሁ። መልሱ ድንክ ሸረሪት ናት።

1. ድንክ ሸረሪት ማን ናት?

እኛ በአማርኛ ትልቋንም ትንሿንም ሸረሪት ነው የምንላት። ሳይንቲስቶች ግን ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዓይነቶችን ለይተው ስም ሰጥተዋል። እነዚህን ሁሉ በቤተሰብ በቤተሰብ ይከፋፍሏቸዋል። ከቤተሰቦቹ አንዱ ሊኒፊዴ ይባላል። በውስጡ ከ4,800 በላይ ዓይነቶች ስላሉ፣ ከዘላይ ሸረሪቶች ቀጥሎ በዓለም ላይ ሁለተኛው ትልቅ የሸረሪት ቤተሰብ ነው። ድንክ ሸረሪቶች የሚገኙት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ትልቅ፣ ልጆቹ ግን ትንንሽ ማለት ነው!

የብዙዎቹ ድንክ ሸረሪቶች ርዝመት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያችሁን አውጡና ተመልከቱ። አንድ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ፍሬ ብትቀጥሉ አንዲት ድንክ ሸረሪት ታህላለች። ለዚህ ነው በክበባችን «የጤፍ ሸረሪት» ብለን ስም ያወጣንላት። መልኳ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስትሮጥ ያያት ሰው ጉንዳን ወይም አፈር ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ሸረሪት ሦስት አፅቄ አይደለችም። ሦስት አፅቄዎች 6 እግር አላቸው፣ ሸረሪት ግን 8 እግር አላት። የጤፍ ሸረሪትም ብታንስም 8 እግርና 8 ዓይን አላት። ለፈተና ይመጣል!

2. የእኛን ስም የያዘችው ሸረሪት

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችን የነገሩንን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ከድንክ ሸረሪቶች መካከል ኤሪጎኔ የሚባል ወገን አለ። ብዙዎቹ የኤሪጎኔ ዓይነቶች የሚኖሩት በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በአውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ አገሮች ነው። ከእነሱ መካከል ግን አንዷ ኤሪጎኔ ኤቲዮፒካ ትባላለች። «ኤቲዮፒካ» ማለት የኢትዮጵያ ማለት ነው። ስሙን ያወጣላት ቱልግሬን የሚባል የስዊድን ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ የጻፈውም ከኪሊማንጃሮና ከሜሩ ተራሮች አካባቢ ስለተሰበሰቡ ሸረሪቶች ነበር። እነዚህ ተራሮች ደግሞ ያሉት ታንዛኒያ ነው።

ታዲያ ለምን የኢትዮጵያ ተባለች? በዚያ ዘመን የእንስሳት ተመራማሪዎች ከሰሃራ በረሃ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ «የኢትዮጵያ ክልል» ብለው ይጠሩት ነበር። ስለዚህ ሸረሪቷ የታንዛኒያ ተራራ ላይ ሆና የአገራችንን ስም ያዘች። እኔ ይህን ስሰማ ስሟን እንኳ የማናውቃት ዘመድ ሩቅ አገር ያለችን መሰለኝ።

3. ቤቷ ምን ይመስላል?

የቤታችን ጥግ ላይ የምናየው የሸረሪት ድር የተዝረከረከ ነው። የአጥር ላይ ሸረሪት ድር ደግሞ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። የጤፍ ሸረሪት ድር ግን ከሁለቱም ይለያል። እንደ አንሶላ ወይም እንደ ነጠላ ሆኖ በአግድም ይዘረጋል። የምትዘረጋው በሣር መሃል፣ በደረቀ ቅጠል ላይ፣ ከብት ረግጦት በጎደጎደ መሬት ላይ ነው። ስፋቱ አንዳንዴ የሳንቲም፣ አንዳንዴም የመዳፍ ያህል ነው።

እሷ የምትኖረው ከድሩ በታች ተገልብጣ ተንጠልጥላ ነው። ከላይ አንድ ትንሽ ነፍሳት ሲወድቅ ድሩ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ከታች ሮጣ ትነክሰውና ይዛው ትበላዋለች። ማኘክ ስለማትችል ፈሳሽ ረጭታበት ካሟሟችው በኋላ ነው የምትመጠው።

የአንዳንዶቹ ወንዶች ራስ ደግሞ የሚገርም ቅርፅ አለው። ራሳቸው ላይ ጉብታ ይወጣል። ዋልኬኔሪያ አኩሚናታ በሚባለው የአውሮፓ ዓይነት ወንዱ ዓይኖቹን የተሸከመው እንደ ማማ በቆመ ቀጭን ጉብታ ላይ ነው። ሌላም አለ፤ ከጉብታው የሚወጣውን ፈሳሽ ሴቷ የምትቀምስለት ወንድ። ለሙሽራ ማር እንደማቅረብ ነው እኮ! ሥዕሉን የክፍላችን ልጅ ከጎን ስላዋለች ተመልከቱት። ሥዕሉ በጣም ተልቆ የተሣለ መሆኑን ግን አትርሱ።

4. ያለ ክንፍ እንዴት ትበራለች?

ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው። የጤፍ ሸረሪት አገር መልቀቅ ስትፈልግ ሣር ጫፍ ላይ ትወጣለች። በእግሮቿ ጣት ቆማ የኋላ አካሏን ወደ ሰማይ ታነሳለች። ከዚያ ቀጫጭን የሐር ክሮች ወደ አየር ትለቃለች። ክሩ ይነሳል፣ እሷም አብራ ትነሳለች። ይህን የምታደርገው ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ሳይሆን አየሩ ረጋ ሲል ነው።

ድሮ ሰዎች የሚያነሳት ነፋስ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ኤሪካ ሞርሊና ዳንኤል ሮበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ኤሪጎኔ ሸረሪቶችን ነፋስ በማይገባበት ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ የኤሌክትሪክ መስክ ሲከፍቱ ሸረሪቶቹ በጣት ቆመው ክር መልቀቅ ጀመሩ፣ አንዳንዶቹም ተነሱ። ሲዘጉት ወረዱ። ከምድር በላይ ያለው አየር በጥሩ ቀን እንኳ በአንድ ሜትር 100 ቮልት ገደማ የኤሌክትሪክ ልዩነት ስላለው ክሩን ለማንሳት ይረዳል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት እስክሪብቷችሁን ፀጉራችሁ ላይ አሹና ብጥስጣሽ ወረቀት ላይ ጠጋ አድርጉት። ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፋል። ሥራው ከዚያ ጋር ይመሳሰላል።

በዚህ ዓይነት ሸረሪቶች በጣም ሩቅ ይሄዳሉ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 በደቡብ አሜሪካ ባሕር ላይ ሲጓዝ ከየብስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መርከቡ ላይ ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶች ሲያርፉ አይቷል። በኢንዶኔዥያ ደግሞ የክራካታው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1883 ፈንድቶ ደሴቱን አመድ ካደረገው ከዘጠኝ ወር በኋላ አንድ ፈረንሳዊ ሄዶ ያገኘው ሕይወት ያለው ነገር አንዲት በጣም ትንሽ ሸረሪት ብቻ ነበር። ሳርም ዛፍም ሳይበቅል እሷ ድር ታደራ ነበር!

5. ብርድ ትወዳለች

የጤፍ ሸረሪት ቤተሰብ በብዛት የሚገኘው በቀዝቃዛ አገር ነው። በእኛ በሐሩር ክልል ባሉ አገሮች ደግሞ ተራራ ይወዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ ስንወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጉና ጫፍ ላይ ከደብረ ታቦር በ8 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። ጓሳው፣ ጅባራውና አስታው ያለበት አገር ለትንሽ ሸረሪት እንደ ሰሜን አውሮፓ ነው። ኦኬ ሆልም የሚባል ስዊድናዊ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችን ሸረሪቶች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ጥናቱን አሳትሟል።

እኛ ወንዛዬዎች ፍል ውሃ አለንና ብርድ አይመለከተንም ትሉ ይሆናል። ግን የጉማራ ወንዝ የሚነሳው ከጉና ነው። ወርዶ ወርዶ በእኛ በኩል አልፎ ጣና ይገባል። ጉና ላይ ሣሩና ሙሹ ውኃ ካልያዘ ለሸረሪቷም ለእኛም ችግር ነው። እርጥበቱ ለሷ ቤት ነው፣ ለእኛ ወንዝ ነው።

ሌላው እርጥበት የሚጠበቅበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። እሳቸው የቆጠሩት እንጨት እንጨቱን ነው። ከዛፉ ሥር ያለው የረገፈ ቅጠል ደግሞ የትናንሽ ሸረሪቶች ሰፈር ነው። አንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያቸውን የድንጋይ አጥር ስለታጠረላቸው ከብት ገብቶ አይረግጠውም። ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ሲወሰድ ግን ሰፈሩ ይፈርሳል።

6. ለገበሬ ምን ትጠቅማለች?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አንበሳውን እንተወውና ክሽክሽን እናንሳ። ክሽክሽ ገብስና ስንዴ ላይ ተለጥፎ ጭማቂውን የሚመጥ ትንሽ ተባይ ነው። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይገረጣል፣ ፍሬው ይቀጭጫል። ክሽክሽ ከቅጠሉ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይወድቃል። መሬቱ ላይ የጤፍ ሸረሪት ድር ከተዘረጋ ተመልሶ አይወጣም። እንግሊዝ አገር በስንዴ ማሳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ አዝመራው ሊደርስ ሲል የእነዚህ ሸረሪቶች ድር የመሬቱን ግማሽ ያህል ሸፍኖ ተገኝቷል። በእስያ የሩዝ ማሳዎችም ድንክ ሸረሪቶች የሩዝ ተባይ ጫጩቶችን ይበላሉ። ይህን ለፎገራ ገበሬዎች ብንነግራቸው ጥሩ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሸረሪቶች በሙሉ በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን ነፍሳት እንደሚበሉ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ገምቷል።

አጎቴ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና መውጫ ገብስና ድንች ያርሳሉ። አምና ገብሳቸው ላይ ትንሽ ክሽክሽ ሲያዩ ወዲያው መድኃኒት ረጩ። ክሽክሹ አለቀ። ሸረሪቱም ጥንዚዛውም አብሮ አለቀ። ዝናቡ ቆም ሲል ክሽክሹ እንደገና መጣ፣ ያኔ ግን የሚበላው አልነበረም። በዚህ ክረምት ስጠይቃቸው እንዲህ ተነጋገርን።

«አጎቴ፣ የማሳውን ድንበር ሣር ባያርሱት ሸረሪቶቹ እዚያ ይቆያሉ። ገብሱ ሲበቅል ተመልሰው ይገባሉ።»

«አንቺ ልጅ፣ መሬቴ እኮ ጠባብ ናት። ድንበሩን ለሸረሪት ከሰጠሁ ለልጆቼ ምን ልስጥ? ሣሩንስ ከብቱ አይበላውም?»

እውነታቸውን ነው። መልስ አጣሁና መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሣሩ ታጭዶ ለከብት ቢሰጥም ሥሩ እስካልተገለበጠና እስካልተቃጠለ ድረስ ሸረሪቶቹ ውስጡ እንደሚቆዩ ነገሩኝ። መድኃኒትም ቢሆን ትንሽ ክሽክሽ እንደታየ ሳይሆን የግብርና ባለሙያው ማሳውን አይቶ ሲያዝ ብቻ ቢረጭ ይሻላል አሉኝ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው በላይኛው ድንበር በኩል ያለውን አልገለብጠውም፤ የታችኛውን ግን አርሳለሁ። የትኛው እንደሚሻል እናያለን» አሉኝ። ይህ በሳይንስ ትምህርታችን ማነፃፀር የምንለው ነው። አጎቴ ሳይማሩ ሳይንቲስት ሆኑ!

7. «ሸረሪት ሸናብኝ»

ብዙ ሰው ሸረሪት የሚገድለው ፈርቶ ነው። ቆዳችን ላይ ውኃ የቋጠረ የሚያቃጥል ቁስል ሲወጣ «ሸረሪት ሸናብኝ» እንላለን። እማየም እንደዚህ ትላለች። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀይና ጥቁር የሆነች ቀጭን ጥንዚዛ ቆዳችን ላይ ስትጨፈለቅ ከሚወጣው ፈሳሽ ነው። ማታ መብራት አይታ ትመጣለች። ስለዚህ ስታርፍባችሁ አትጨፍልቋት፣ እፍ ብላችሁ አባሯት። ፈሳሹ ከነካችሁ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ሁለቱም ቢሆን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው የሚሻለው። የጤፍ ሸረሪትማ አፏ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሰው ቆዳ መብሳት አትችልም።

8. እንዴት ልናያት እንችላለን?

ሀ. ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሣር ያለበት ቦታ ሂዱ። ጤዛው ድሩ ላይ ስለሚንጠለጠል ነጭ ሆኖ ይታያል።

ለ. አራት ችካልና ገመድ ይዛችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለኩ። በውስጡ ያለውን ድር ቁጠሩ።

ሐ. ነጭ ወረቀት ከሣሩ ሥር አድርጋችሁ ሣሩን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ጥቁር ነጥብ ከሮጠ አገኛችኋት ማለት ነው።

መ. በማጉያ መነፅር እግሯን ቁጠሩ። አይታችሁ ስትጨርሱ ወደነበረችበት መልሷት።

እኔና ሁለት የክበባችን ልጆች በመስከረም መጨረሻ ከአጥሩ ሥር ባለው ረጅም ሣር ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር 9 ድር ቆጠርን። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ላይ በዚያው ልክ ለክተን ስንቆጥር አንድም አጣን። እናንተም ቁጠሩና ቁጥሩን ለክበባችን አምጡ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

9. የግቢያችን ሣር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እንደምታውቁት የግቢያችን ሣር በዚህ ወር መጨረሻ በጨረታ ተሽጦ ይታጨዳል። ከዚያ ተጠራርጎ የቀረው ይቃጠላል። የሚሸጥበት ገንዘብ ለትምህርት ቤታችን ይጠቅማልና ጨረታው ይቅር አልልም። እኔ የምለው ከምሥራቁ አጥር ሥር ያለው ሁለት ሜትር ስፋት ብቻ ሳይቃጠል ይቅር ነው። ይታጨድ፣ ግን እስከ ሥሩ አይላጭ፣ እሳትም አይነካው።

አንዳንድ ተማሪዎች «እባብ ይገባበታል» ብለውኛል። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ለዚህ ነው የምሥራቁን አጥር የመረጥኩት። ከመማሪያ ክፍሎችም፣ ከመጸዳጃ ቤት መንገድም፣ ከውኃ ቦኖውም የራቀ ነው። ደሞም ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ስለሚታጨድ ለዓይን የተሰወረ አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ለርዕሰ መምህራችን ስናቀርብ «ምክንያታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ተማሪውም ይስማ» አሉን። እነሆ ጻፍኩት። የፊታችን ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያችን ይነበባል፣ ከዚያ በእጅ ማውጣት ድምፅ ይሰጣል። የምትደግፉትም የማትደግፉትም ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሄዳችሁ ድሩን እዩት። ካያችሁት በኋላ እጃችሁን ብታወጡም ባታወጡም አልቀየማችሁም።

የማጠቃለያ ጥያቄዎች

1. ሸረሪትን ከሦስት አፅቄ የሚለያት ምንድን ነው?
2. ድንክ ሸረሪት ያለ ክንፍ ወደ አየር ለመውጣት የሚረዷት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. «ኤቲዮፒካ» የሚለው ስም ታንዛኒያ ካለ ተራራ ጋር እንዴት ተያያዘ?
4. ሣር ማጨድና ሣር ማቃጠል ለሸረሪቶች ያላቸውን ልዩነት አብራሩ።

መልሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። መጀመሪያ አራቱንም ለመለሰ ተማሪ ክበባችን አንድ ደብተር አዘጋጅቷል።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። በኅዳር እትም ስለ ጉማራ ዓሣዎች ይዘን እስክንቀርብ ድረስ ቸር ሰንብቱ!